የጣራው ባለቤት ማን ነው?

ስለ ቤት ግዢ ይህን ጽሑፍ የሚያቀርብላችሁ ሰው ራሱ ተከራይ መሆኑን አስቀድሞ ቢናገር ይሻላል። በዚህ ነገር ላይ ብዕር እንዳነሣ ያደረገኝ ዕውቀት ሳይሆን አጋጣሚ ነው። በ2017 ዓ/ም ክረምት፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2025፥ ትምህርት ቤታችን ለዕረፍት በተዘጋ ጊዜ፥ ቀድሞ ተማሪዬ የነበረ ሰው ከሚኖርበት ከሮተርዳም ከተማ ጠርቶኝ አምስት ሳምንት በእንግድነት ተቀምጬ ነበር። እኔ በደረስሁበት ሰሞን እርሱና ባለቤቱ ቤት ለመግዛት ታጥቀው ተነሥተው ነበርና፥ ወደቡንና ቤተ መዘክሩን አያለሁ ብዬ የሄድሁት ሰው አብዛኛውን ጊዜዬን የማላውቃቸውን ሰዎች ደረጃ በመውጣትና በመውረድ አሳለፍሁት። በዚያ አገር ልጅ ወይም ወንድም ያላቸው፥ እነርሱም ራሳቸው እዚያ የሚኖሩ አንባቢዎች ብዙ ስለ ሆኑ፥ ያየሁትን እንዳለ ልንገራችሁ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተማሪዬ በወደቡ አካባቢ በሚገኝ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ባለቤቱ ደግሞ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት አስታማሚ ናት። አንዲት የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። በዚያን ጊዜ የሚኖሩት ከአንድ ግለሰብ በተከራዩት ቤት ሲሆን፥ በየወሩ 1,350 ዩሮ ይከፍላሉ። በሆላንድ በ1901 በወጣው የቤት ሕግ መሠረት የቆሙ፥ ለትርፍ ያልተቋቋሙ የቤት ማኅበራት አሉ፤ እነዚህ በመላው አገር ከ2 ሚሊዮን በላይ ቤት በዝቅተኛ ኪራይ ያከራያሉ። ነገር ግን ወረፋው የዓመታት ነው፤ ደግሞም ሁለቱም ሠራተኞች በመሆናቸው ገቢያቸው ለዚያ ከተወሰነው ልክ ጥቂት አልፏል። ለድኃ የተሠራው ቤት ሀብታም ናችሁ ይላቸዋል፤ ለሀብታም የተሠራው ደግሞ ድኃ ናችሁ ይላቸዋል። ስለዚህ የቀራቸው መንገድ ትንሽና ርካሽ አፓርታማ ፈልጎ መግዛት ነበር።

ርካሽ አፓርታማ የሚገኘው ደግሞ በማስ ወንዝ ደቡብ ነው። የሮተርዳም ሰዎች ወንዙን ተሻግሮ ያለውን አገር በቀድሞው ጊዜ የገበሬዎች ወገን ይሉት ነበር፤ ምክንያቱም በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ታላላቆቹ ወደቦች በተቆፈሩ ጊዜ፥ ከዜላንድና ከብራባንት የመጡ ገበሬዎች የቀን ሠራተኞች ሆነው የሰፈሩት እዚያ ነው። ከእነርሱ በኋላ በ1964 ከቱርክ፥ በ1969 ከሞሮኮ ጋር በተደረገው የሥራ ውል የመጡት ገቡ፤ የኬፕ ቨርዴ መርከበኞች ገቡ፤ በ1975 ሱሪናም ነጻ ስትወጣ የሱሪናም ሰዎች ገቡ፤ በመጨረሻም ፖሎኞችና ቡልጋሮች ገቡ። ዛሬ በሮተርዳም ከ170 በላይ አገሮች ተወላጆች እንደሚኖሩ ይነገራል። ከእነርሱም መካከል በደርግ ዘመን ተሰደው የሄዱ ወገኖቻችንና ከዚያ በኋላ የተከተሏቸው ይገኛሉ።

ይህ መቀላቀል ሁልጊዜ በሰላም የሄደ አልነበረም። በ1972 ነሐሴ ወር አፍሪካንደርዋይክ በተባለው ሰፈር የአገሩ ሰዎች በቱርክ ሠራተኞች ማደሪያ ቤቶች ላይ ተነሥተው ዕቃቸውን ወደ መንገድ እስከ መጣል ደርሰዋል፤ ሁከቱም ለበርካታ ቀናት ቆይቷል። ከዚያ በኋላ የከተማው ምክር ቤት በአንድ ሰፈር ውስጥ የውጭ ተወላጆች ቊጥር ከመቶ አምስት እንዳያልፍ ደንብ አወጣ፤ ደንቡ ግን በበላይ ባለ ሥልጣን ተሻረ። በዚሁ ሰፈር ረቡዕና ቅዳሜ ትልቅ ገበያ ይቆማል፤ ዝንጅብልና ቃሪያ ልንገዛ የሄድነው እዚያ ነበር። ስሙን ሰምቼ ለአፍሪካ ሰዎች የተሰየመ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በኋላ እንደ ተረዳሁት ግን የተሰየመው ለደቡብ አፍሪካ ቦኤሮች ነው፤ መንገዶቹም በእነርሱ መሪዎችና ከተሞች ስም ይጠራሉ። በክሩገር መንገድ ላይ የሶማሌና የሞሮኮ ሴቶች ድንች ሲያማርጡ ማየት፥ ታሪክ አስተማሪ ለሆነ ሰው ከትምህርቱ ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ነው።

ተማሪዬና ባለቤቱ ያሰቡበት ሰፈር ግን ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ የሚገኘው ካርኒሴ ነው። ቤቶቹ በአብዛኛው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎና ጦርነቱ እንዳለቀ የተሠሩ፥ ባለ ሦስትና ባለ አራት ደርብ የጡብ ሕንፃዎች ናቸው። ብዙዎቹ አፓርታማዎች ከ50 ካሬ ሜትር ብዙም አይበልጡም፤ ከሌላው የደቡብ ክፍል የሚለየው ደግሞ አብዛኞቹ የግለሰቦች ሀብት መሆናቸው ነው። በስተ ምዕራቡ ታላቁ ወደብ ዋልሃቨን፥ በስተ ደቡቡ ሰፊ መናፈሻ አለ፤ በ1968 በተከፈተው፥ በአገሩ የመጀመሪያ በሆነው የምድር ውስጥ ባቡር ከዛውድፕላይን ጣቢያ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ከመካከለኛው ከተማ ይደረሳል። ዘመዶቻቸው ግን «ልጅ ይዛችሁ እዚያ ትገባላችሁ?» እያሉ አስፈራሯቸው። መንግሥትም ቢሆን ሰፈሩ እንደሚያስቸግር አይክድም፤ በ2006 በወጣ ልዩ ሕግ ካርኒሴንና ጥቂት ሌሎች ሰፈሮችን ለይቶ፥ በአካባቢው ስድስት ዓመት ያልኖረና የሥራ ገቢ የሌለው ሰው እዚያ ቤት እንዳይከራይ ከልክሏል። የሚገዛውን ሰው ግን ሕጉ አይነካውም።

የመጀመሪያውን ቤት ያየነው ሐሙስ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ለአንድ ጎብኚ የተሰጠው ጊዜ ሩብ ሰዓት ብቻ ስለ ሆነ፥ እኛ ስንገባ ከእኛ በፊት የነበሩት እየወረዱ፥ ከእኛ በኋላ ያሉት ታች ቆመው እየጠበቁ ነበር። ሁለተኛው ደርብ ላይ ያለ፥ 54 ካሬ ሜትር፥ ሁለት መኝታ ክፍል፥ ጠበብ ያለ ሰገነት፤ ዋጋው 220 ሺህ ዩሮ። ማድ ቤቱ አዲስ ነው፤ ነጭ፥ እጀታ የሌላቸው መሳቢያዎች፥ ሲነኩት የሚበራ ምድጃ። የተማሪዬ ባለቤት መሳቢያውን ስባ ስትከፍትና በዝግታ ራሱ ሲዘጋ ስታይ፥ ልቧ በዚያው እንደ ተያዘ ከፊቷ ላይ አነበብሁ። እዚያው ቆመን ሳለን ልጅቱ ከእጇ ያመለጣት ብርቱካን ማንም ሳይነካው በወለሉ ላይ እየተንከባለለ ሄዶ በመስኮቱ በኩል ካለው ግድግዳ ሥር ቆመ። ልጅቱ ሳቀች፤ ደላላውም ሳቀ።

«ጋሼ፥ የሚጠይቁት ነገር አለ?» አለኝ ተማሪዬ፥ ለአክብሮት ያህል።

እኔ ልጅነቴን ያሳለፍሁት በቆሎ ተማሪ ጎጆ ውስጥ ነው። አራትና አምስት ሆነን በምንኖርባት ጎጆ ውስጥ ክረምት ሲመጣ የሚያፈሰው በአንዱ ላይ ብቻ ነበር፤ ያ ልጅ ሲጮህ የቀረነው ደረቅ ቦታ ስላለን እንቅልፍ እንደ ወሰደን እናስመስላለን። በመጨረሻ ሣሩ በስብሶ ጣራው በሙሉ በተቀደደ ጊዜ ግን ሁላችንም ወጥተን ሣር ማጨድ ግድ ሆነብን። ከዚያ ይሆናል የመጣብኝ፥ ሌላ የምጠይቀው ነገር ስለማላውቅም፥ «ይህ የላይኛው ጣራ የማን ነው?» አልሁት።

ተማሪዬ አፍሮ ፈገግ እያለ ተረጐመለት። ደላላው ግን ፈገግታውን ተወና፥ «የሁሉም ነው፤ የባለቤቶቹ ማኅበር ነው» አለ። ቀጥሎም ዝግ ባለ ድምፅ፥ «ማኅበሩ ለጊዜው ተኝቷል» አለን።

በሆላንድ አፓርታማ የሚገዛ ሰው ማወቅ የሚገባው ዋና ነገር ይህ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ልዘርዝረው። አፓርታማ የገዛ ሰው የገዛው አራት ግድግዳ አይደለም። በ1951 በወጣው ሕግ መሠረት የሚገዛው በጠቅላላው ሕንፃ ውስጥ ያለውን ድርሻና፥ ከዚያ ውስጥ አንዱን ቤት ለብቻው የመጠቀም መብት ነው። ጣራው፥ ደረጃው፥ አሸንዳው፥ የውጭ ግድግዳው፥ መሠረቱም የጋራ ነው። ለዚህም በየሕንፃው ባለቤቶች የሚጠቃለሉበት ማኅበር አለ፤ በአገሩ ቋንቋ በአጭሩ ቬ ቬ ኤ ይሉታል። እኛ ከምናውቀው እድር ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ እድር ለመግባት ሰው ይጠይቃል፥ ቢከፋው ይወጣል፤ በቬ ቬ ኤ ግን የውል ፊርማው እንደ ተፈጸመ ገዢው በሕግ አባል ነው፥ ቤቱን ሳይሸጥም መውጣት አይችልም። አባላቱ በየወሩ ያዋጣሉ፤ ከመዋጮው ሕንፃው ለእሳትና ለአውሎ ነፋስ ዋስትና ይገባለታል፥ ቀሪው ለመጠባበቂያ ይቀመጣል። ከ2018 ጀምሮ ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ማኅበሩ የብዙ ዓመት የጥገና ዕቅድ አውጥቶ እንደ ዕቅዱ ያስቀምጥ፤ አለዚያ ሕንፃውን እንደ ገና ለመሥራት ከሚፈጀው ገንዘብ በየዓመቱ ከሺህ አምስት እጅ ያስቀምጥ። ስምንት ቤት ያለውን ሕንፃ ለመሥራት 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ዩሮ ቢፈጅ፥ በዓመት 8 ሺህ፥ ለአንድ ቤት በዓመት 1,000 ዩሮ መሆኑ ነው።

ማኅበሩ ተኝቷል የሚባለው በወረቀት ላይ ኖሮ በሥራ ሲጠፋ ነው፤ ስብሰባ የለም፥ መዋጮ የለም፥ ካዝናው ባዶ ነው። እንዲህ ያሉ ማኅበራት በደቡብ ሮተርዳም ትንንሽ ሕንፃዎች ውስጥ ብዙ ናቸው። ገዢው በየወሩ የሚከፍለው ስለሌለ መጀመሪያ ደስ ይለዋል፤ ቤቱ የረከሰለትም ይመስለዋል። የማይከፈለው ገንዘብ ግን የትም አልሄደም፤ በአሸንዳው ዝገትና በመስኮቱ እንጨት ብስባሽ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። በአገራችን የጋራ መኖሪያ ቤት ውስጥ የምትኖሩ አንባቢዎች፥ በደረጃው ላይ ከጠፋች ዓመት ያለፋትን አምፑል እያሰባችሁ ነገሩን ከእኔ ይልቅ ትረዱታላችሁ።

ብርቱካኑ ደግሞ የራሱ ነገር አለው። በወንጌል ቤቱን በአሸዋ ላይ የሠራው ሰው ሰነፍ ተብሏል፤ በሮተርዳም ግን ቤቱን እስከ አሸዋው ያላደረሰ ሰው ነው ሰነፉ። ምድሩ ላይኛው ክፍል ረግረግና ሸክላ ስለ ሆነ፥ ጠንካራው የአሸዋ ንጣፍ የሚገኘው ከ15 ሜትር በላይ ተወርዶ ነው። ስለዚህ የቀድሞ ግንበኞች ረጃጅም የጥድ ግንዶችን እስከ አሸዋው እየቀጠቀጡ አስገብተው ቤቱን በላያቸው ይሠሩ ነበር። የአምስተርዳም ቤተ መንግሥት በ13,659 ግንዶች ላይ መቆሙን የሆላንድ ሕፃናት በትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ቊጥሩን እንዳይረሱትም የዓመቱን 365 ቀናት ወስደህ ከፊት 1 ከኋላ 9 ጨምር ተብለው ነው። (ይህን ዘዴ እኔም ለተማሪዎቼ ልጠቀምበት አስቤአለሁ።) ግንዱ በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ተጠልቆ እስካለ ድረስ አየር ስለማያገኘው አይበሰብስም፤ መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ውሃው ዝቅ ሲል ግን፥ ድርቅ ሲሆን ወይም የተሰነጠቀ የፍሳሽ ቧንቧ ውሃውን ስቦ ሲወስደው፥ የግንዱ ራስ ይደርቃል፤ ሻጋታ ይገባዋል፤ ቤቱም በአንድ ወገን ቀስ እያለ ይሰጥማል። በር አልዘጋ ይላል፥ ግድግዳው በደረጃ መልክ ይሰነጠቃል፥ ብርቱካን ይንከባለላል። መሠረቱን ማደስ ለአንድ ቤት ብዙ ዐሥር ሺህ ዩሮ፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ 100 ሺህ ይደርሳል። ይህም ወጪ የጋራ ስለ ሆነ፥ የተኛ ማኅበር ያለበት ሕንፃ ማን ያሳድሰዋል?

እኔ አንድ ሐሳብ አቀረብሁ፤ ከጎረቤቶቹ ጋር እንነጋገር አልሁ። ተማሪዬ በዚያ አገር ሳይጠሩ የሰው በር ማንኳኳት ነውር መሆኑን ነገረኝ። ባለቤቱ ግን፥ «የምንጋባው ከእነርሱ ጋር አይደለም እንዴ?» ብላ ተነሣች፤ እኔና እርስዋም ቅዳሜ ጠዋት ሄድን።

ከምድር ቤት የሚኖሩት አንዲት ቱርካዊት መበለት ናቸው። ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነበር፤ አይብ ያለበት ቂጣና ሻይ በወተት አቀረቡልን። ጾም መሆኑን በነገርናቸው ጊዜ ማብራሪያ አልጠየቁም፤ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው ሰሐኑን አነሡና ወይራ፥ ዳቦና ቲማቲም ይዘው ተመለሱ። የመታጠቢያ ቤታቸው በር ከሁለት ክረምት ወዲህ እንደማይዘጋ አሳዩን። ከላይ የሚኖሩት በ1975 ከሱሪናም የመጡ፥ ጡረታ የወጡ የትራም ነጂ ናቸው። እኚህ ሽማግሌ ከቁም ሣጥን ውስጥ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ፤ የማኅበሩ ወረቀት ሁሉ በዚያ ውስጥ ነበር። የመጨረሻው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ዐሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ባለቤት ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ ሦስቱ ቤቶች ግን በሌላ ከተማ የሚኖር አንድ ሰው ስለሆኑና ያ ሰው ለሠራተኞች በአልጋ እያከራየ መልስ ስለማይሰጥ፥ ድምፅ ሊሞላ አልቻለም። እንዲህ ያለውን ነገር ለማስቀረት ሮተርዳም ከ2022 ጀምሮ በበርካታ ሰፈሮች፥ ዋጋው ከተወሰነ ልክ በታች የሆነውን ቤት የገዛ ሰው ለአራት ዓመት ያለ ፈቃድ እንዳያከራየው ደንግጋለች። ደንቡ ግን ከዚያ በፊት የተገዛውን አይነካም። «መሠረቱስ?» ብላ የተማሪዬ ባለቤት ብትጠይቃቸው፥ ሽማግሌው የብስኩቱን ቆርቆሮ ከደኑና፥ «ልጄ፥ ማንም አላየውም» አሏት።

በዚያን ምሽት በቤት ውስጥ የተነሣውን ክርክር አልረሳውም። ተማሪዬ፥ ዋጋ በየጊዜው እየወጣ ሳለ ስለ ግንድ ስናስብ ዕድሜያችን በኪራይ ያልቃል ይላል። ደላላውም ብዙ ሰው ስለሚፈልገው ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ዋጋ ያቀረበ ይመረጣል ብሎታል። ደላላው የሻጩ ደላላ መሆኑን ግን መርሳት የለብንም፤ ገዢ ለራሱ የሚቆም ደላላ ከፈለገ ከፍሎ መቅጠር አለበት። ባለቤቱ ዝም አለች። ስለ ማድ ቤቱ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ስታስበው ግን አየኋት። በመጨረሻ 220 ሺህውን፥ ባንኩ ብድር ቢከለክል ወይም መሠረቱ ተመርምሮ ጉድለት ቢገኝ ውሉ ይፍረስ በሚሉ ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች አቀረቡ። ሰኞ ዕለት ቤቱ ለሌላ ሰው መሸጡን የሚገልጽ አጭር መልእክት መጣ። የተማሪዬ ባለቤት ያን ቀን ምሳ አልበላችም። እኔም እንግዳ ሆኜ ሳለሁ በሰው ቤት ጉዳይ ገብቼ ምናልባት ጎድቼአቸው ይሆን እያልሁ አሰብሁ፤ እስከ ዛሬም ፈጽሞ አልተውሁትም።

እዚህ ላይ ስለ ገንዘቡ መናገር ይገባል። ከ2018 ጀምሮ ባንክ የሚያበድረው እስከ ቤቱ ግምት ድረስ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለውል አዋዋዩ፥ ለዋጋ ገማቹ፥ ለብድር አማካሪውና ለስም ማዛወሪያ ግብር የሚወጣው ሁሉ ከገዢው ከራሱ ኪስ ነው። ግብሩ በቤቱ ለሚኖር ሰው ከመቶ 2 ነው። ከ18 ዓመት ጀምሮ 35 ዓመት ያልሞላው ሰው የሚኖርበትን ቤት ሲገዛ፥ ዋጋው በየዓመቱ ከሚወሰነው ጣሪያ ካላለፈ፥ አንድ ጊዜ ብቻ ነጻ ይሆናል። ተማሪዬ 36፥ ባለቤቱ 31 ዓመታቸው ስለ ሆነ፥ እርስዋ ከድርሻዋ ምንም ሳትከፍል እርሱ ብቻ በግማሹ ላይ ይከፍላል። ለአነስተኛ ቤት ገዢ ከሁሉ የሚጠቅመው ደግሞ ኤን ሃ ኼ የሚባለው አገር አቀፍ የብድር ዋስትና ነው፤ በ2025 እስከ 450 ሺህ ዩሮ ዋጋ ላለው ቤት የሚሰጥ ሲሆን፥ አንድ ጊዜ ከብድሩ ከሺህ አራት እጅ ይከፈልበታል። ሥራ ቢጠፋ፥ ሕመም ቢመጣ፥ ትዳር ቢፈርስ ወይም ከሁለቱ አንዱ ቢሞት፥ ቤቱም ከዕዳው ባነሰ ዋጋ ቢሸጥ፥ ሁኔታው ከተሟላ ቀሪው ዕዳ ሊሠረዝ ይችላል። ባንኮችም ይህን ዋስትና ለያዘ ሰው ወለዱን ዝቅ ያደርጉለታል።

የእኛን ሰዎች በተለይ የሚያሰናክል አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ዕቁብ ነው። ተማሪዬ ከራሱ ካጠራቀመው ገንዘብ ግማሽ ያህሉን ያገኘው ከወንድሞች ጋር በገባው ዕቁብ፥ በእጅ ተቀብሎ ነው። ባንኩና ውል አዋዋዩ ግን ሕግ ስለሚያስገድዳቸው ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ በጽሑፍ ይጠይቃሉ፤ ኖታሪስ የተባለው ውል አዋዋይም ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። ቃል በቃል የታመነ ገንዘብ ወረቀት የለውም። ዕቁብተኞቹ ሁሉ ፈርመው የመዋጮውን ዝርዝር እስኪያቀርቡለት ድረስ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ዕቁቡን ከዛሬ ጀምሮ በባንክ በኩል ቢከፍልና ቢቀበል ከዚህ ድካም ይድናል። እንዲሁም በክፍያ የተገዛ ስልክና መኪና ሳይቀር በአገሩ የብድር መዝገብ ላይ ሊሰፍር ስለሚችልና የሚያገኙትን ብድር ስለሚቀንስ፥ አስቀድሞ ዘግቶ መቅረብ ይሻላል።

እኔ ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ፥ በጥቅምት ወር፥ ስልክ የደወሉላቸው ከላይ የጠቀስኋቸው የትራም ነጂ ሽማግሌ ነበሩ። በሚቀጥለው መንገድ የሚኖሩ ወዳጃቸው ወደ ልጃቸው ዘንድ ለመሄድ ቤታቸውን ሊሸጡ መሆኑን ሰምተው፥ «ያቺ ስለ መሠረት የጠየቀችኝ ልጅ ገዛች ወይስ አልገዛችም?» ብለው ነው የጠየቁት። ቤቱ 51 ካሬ ሜትር፥ ማድ ቤቱ ቡናማና አሮጌ፥ የሙቀት አጠባበቁ ደረጃ ከመጨረሻው ሁለት ከፍ ብሎ ኤ የተባለው፥ ይኸውም እነርሱ ኢ ብለው የሚጽፉት ነው። ዋጋው ግን 231 ሺህ ዩሮ፤ በ11 ሺህ ይበልጣል። ማኅበሩ በየዓመቱ ይሰበሰባል፤ በንግድ መዝገብ ተጽፏል፤ የወር መዋጮው 118 ዩሮ፤ መጠባበቂያው ወረቀት አለው። በ2019 መሠረቱን አስቈፍሮ አስመርምሮ፥ ቢያንስ ለ25 ዓመት ይቆያል የሚል የጽሑፍ ምስክር ተቀብሏል። ተማሪዬ የሦስት ዓመት ቃለ ጉባኤዎችን ሌሊቱን ሙሉ አነበባቸው። በደወለልኝ ጊዜ፥ «ጋሼ፥ ስለ አንድ የቆሻሻ መጣያ አርባ ደቂቃ ተከራክረዋል» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበረ።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ ሕጉ ለገዢ የሚሰጠው የሦስት ቀን የማሰቢያ ጊዜ አለ፤ በዚያ ውስጥ ያለ ምክንያትና ያለ ቅጣት መተው ይችላል። ከዋጋው አንድ ዐሥረኛው፥ 23,100 ዩሮ፥ በባንክ ዋስትና ተያዘ። የተማሪዬ የግብር ድርሻ 2,310፥ የብድር ዋስትናው 924 ዩሮ ሆነ፤ ወጪው ሁሉ ተደምሮ ወደ 9 ሺህ ተጠጋ። ወለዱ ከመቶ 4 ነው ብንል፥ በ30 ዓመት የሚከፈለው ብድር በወር ወደ 1,100 ዩሮ ይመጣል፤ የማኅበሩ መዋጮ ቢጨመርበትም ቀድሞ ከሚከፍሉት ኪራይ ያንሳል፤ ከወለዱም ከፊሉን በግብር ጊዜ ይቀንሱለታል። በጥር 2026 በውል አዋዋዩ ፊት ቀረቡ። የተማሪዬ ባለቤት የሕግ ሆላንድኛ ስለሚከብዳት አስተርጓሚ ተቀምጦላት ውሉ ተነበበ፤ ወዲያውም ከ1832 ጀምሮ የአገሩን መሬት ሁሉ ወደሚመዘግበው ካዳስተር ተላለፈ።

ስለ መጀመሪያው ቤት የሰማሁት ነገር የለም። ምናልባት ግንዶቹ ደኅና ይሆናሉ፤ ምናልባትም አዲሱ ገዢ ማኅበሩን ቀስቅሶት ይሆናል። ሽማግሌው አሁንም የብስኩት ቆርቆሯቸውን እንደ ያዙ ናቸው።

በየካቲት ወር የአዲሱ ቤት ማኅበር ስብሰባ ተደረገ። ከስምንቱ ቤት ሰባቱ ተገኝተው በምድር ቤቱ ሳሎን ተቀመጡ፤ የሚነጋገሩበት ሆላንድኛ ከአንዷ መምህርት በቀር የማንኛቸውም የአፍ መፍቻ ቋንቋ አልነበረም። ተማሪዬ በእኛ ሰዎች እድር ገንዘብ ያዥ እንደ ነበረ በወሬ መካከል ስላመለጠው፥ በዚያው ማታ የማኅበሩ ሒሳብ ተቈጣጣሪ አድርገው መረጡት። አሸንዳው እንዲታደስ በሙሉ ድምፅ ተስማሙ። የጋራው በር ቀለም አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ በሚለው ላይ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ተከራክረው መስማማት ስላቃታቸው፥ በሩ ለጊዜው ቡናማ እንደ ሆነ እንዲቆይ ተወስኖ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ዓመት ስብሰባ ተላለፈ።